ከመቅዳት ወደ መክሰስ

በቤጂንጉ የቻይና ብሔራዊ ሙዚየም በአንድ እጅ የምትያዝ የመዳብ ማተሚያ ሰሌዳ አለች። በሰሜናዊው ሶንግ ሥርወ መንግሥት፣ ከ960 እስከ 1127 ባለው ዘመን (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጂናን ከተማ ውስጥ መርፌ እየሠራ ይሸጥ የነበረ የሊው ቤተሰብ ሱቅ ማስታወቂያውን ያትምባት ነበር። መሐሏ ላይ መድኃኒት የምትወቅጥ ነጭ ጥንቸል ተቀርጻለች። ጽሑፉ መርፌው ከጥሩ ብረት የተሠራ መሆኑን ይናገርና ደንበኛው ደጃፉ ላይ ያለችውን ጥንቸል ምልክት አድርጎ እንዲይዝ ያሳስባል። በዚያው በሶንግ ዘመን፣ ሲቹዋን ውስጥ ሜይሻን በተባለ ቦታ መጽሐፍ ያሳትም የነበረ ቤት ደግሞ ጉዳዩን ለሹማምንቱ እንዳስመዘገበና ማንም መልሶ ሊያትመው እንደማይችል በመጽሐፉ ላይ አስፍሯል። የንግድ ምልክትና የቅጂ መብት የምንላቸው ነገሮች ሕግ ሳይወጣላቸው በፊት ነጋዴው ያውቃቸው ነበር ማለት ነው።

ከሙዚየሙ የተነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቻይናና ፎርጅድ ዕቃ በተነሡ ቁጥር አንድ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ መቅዳት ባህላቸው ነው፣ ኮንፊሽየስ የጥንቱን መድገም እንጂ አዲስ መፍጠር አላስተማራቸውም የሚል። በማስረጃነት የሚጠራው ብዙ ጊዜ ሉ ሹን በ1919 ያሳተመው «ኮንግ ዪጂ» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ነው። ፈተና ወድቆ የቀረ፣ ከመጠጥ ቤት የማይጠፋ ደሃ ምሁር አለ፤ መጽሐፍ ሰርቆ ሲያዝ የመጽሐፍ ስርቆት ከስርቆት አይቆጠርም እያለ ይሟገታል። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ዊሊያም አልፎርድ በ1995 ስለ ቻይና የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ታሪክ ለጻፈው መጽሐፍ ርዕሱን ያገኘው ከዚሁ አባባል ነው። ልቦለዱን የሚጠቅሰው ሰው ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው ያነበበው አይመስለኝም። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይስቅበታል፤ በስርቆቱ ተደብድቦም እግሩ ይሰበራል። ሉ ሹን የቀረጸው ሕዝቡ የሚስቅበትን ሰው ነው እንጂ ሕዝቡን አይደለም። አልፎርድ ራሱም ቢሆን ጥፋቱን በገበሬውና በነጋዴው ላይ አይጥልም፤ ነገሥታቱ ኅትመትን ይቆጣጠሩ የነበረው የደራሲውን ጥቅም ለማስከበር ሳይሆን የማይፈልጉት ሐሳብ እንዳይዛመት ነበር ነው የሚለው።

እኔ መልሱን የምፈልገው ከፋብሪካው ነው። ሼንዠን ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና የሆነችው በ1980 ነው። ሕጎቹም ብዙ አልዘገዩም፤ የንግድ ምልክት ሕግ በ1982፣ የፓተንት ሕግ በ1984፣ የቅጂ መብት ሕግ በ1990 ወጡ። ወረቀቱ ላይ ብዙ የጎደለ ነገር አልነበረም። ፋብሪካው ግን የሚሄደው በሌላ ሒሳብ ነው። ፉጂያን ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለችው ፑቲያን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1980ዎቹ የታይዋን ባለሀብቶች መጥተው ለታወቁ የውጭ ስሞች በኮንትራት ስፖርት ጫማ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ከፈቱ። የከተማው ወጣት መቁረጡን፣ መስፋቱን፣ ሶል ማጣበቁን እዚያው ተማረ። ቀን የሌላውን ጫማ ስትሰፋ የዋለች ሠራተኛ ማታ ቤቷ ስትገባ ሙያው አብሯት ይገባል። ጨርቁን የሚያቀርበው፣ ማሰሪያውን የሚፈትለው፣ ካርቶኑን የሚያትመው ሁሉ እዚያው ጎረቤት ነው። የቀረው ምልክቱን መለጠፍ ብቻ ነበር፤ ተለጠፈም። ፑቲያን የፎርጅድ ስፖርት ጫማ መናኸሪያ ሆና በዓለም ታወቀች፤ ጫማውም እንደ ደረጃው፣ ከተራው እስከ ኦርጅናሉ ከማይለየው ድረስ፣ የየራሱ ዋጋ ወጣለት።

ጓንዡ ለዕቃ የተመላለሰ የመርካቶ ነጋዴ ይህን አሠራር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፋብሪካው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ታወጣለህ ብሎ ነው፤ በዋጋው ልክ ይሠራል። ረከስ ያለውን ላዘዘ ረከስ ያለውን ይጭንለታል። አገር ቤት ገብቶ በሳምንቱ ሲሰበር «የቻይና ዕቃ» ተብሎ የሚሰደበው ታዲያ አዲስ አበባ ላይ በተቆረጠ ዋጋ የተሠራ ዕቃ ነው። ስድቡን ከአዛዡ ጋር መካፈል ይገባው ነበር።

መንግሥትስ የት ነበር? ቤጂንግ ሕግ ያወጣል፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ግን የወረዳው ሹም ነው፤ የወረዳው ግብርና የሥራ ዕድል ደግሞ ከዚያው ፋብሪካ ነው የሚመጣው። በ1995 አሜሪካ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጡ የቻይና ዕቃዎች ላይ ቀረጥ እጥላለሁ ብላ ስትዝት ስምምነት ተፈረመ፤ ሲዲ የሚያባዙ ፋብሪካዎችም ተዘጉ ተባለ፤ በዓመቱ ያው ክርክር እንደገና ተነሣ። እርግጥ ነው፣ ዛቻው የመጣው ራሷ እስከ 1891 ድረስ ለውጭ አገር ደራሲ የቅጂ መብት ካልሰጠች አገር ነው። እንግሊዝም በ1887 የዕቃ ምልክት ሕግ ያወጣችው በአመዛኙ የሼፊልድን ቢላ እያስመሰሉ ይልኩባት የነበሩትን ጀርመኖች ለመከላከል ነበር። ይህ ግን ቻይናን ነፃ አያወጣትም፤ መቅዳቱ የቢጫ ቆዳ ጠባይ አለመሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፤ ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ የሆነው እዚህ ላይ ነውና። ሼንዠን ውስጥ ሁዋቺያንግቤይ የሚባል ሠፈር አለ። ፎቅ በፎቅ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ነው፤ እያንዳንዱ ፎቅ በጠባብ ባንኮኒዎች ተሞልቷል፤ አንዱ ባንኮኒ ስክሪን ብቻ፣ ቀጣዩ ባትሪ ብቻ፣ ሦስተኛው የቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ይሸጣል። ስልክ መሥራት ቀድሞ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ነበር። ቻይና ውስጥም ልዩ የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሁለት ነገሮች ይህን ለወጡት። የታይዋኑ ሚዲያቴክ የስልኩን ዋና ቺፕ ከነሶፍትዌሩ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ፤ በ2007 ደግሞ ፈቃዱ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዎች ያሉት ቤት ቦርዱን ከአንዱ፣ ቀፎውን ከሌላው እየገዛ በወራት ውስጥ አዲስ ስልክ ያወጣ ጀመር። ቻይናዎቹ ሻንጃይ የሚሉት ስልክ ይህ ነው።

መጀመሪያ የወጡት ግልጽ ማጭበርበሪያዎች ነበሩ። ከሩቅ ኖኪያ የሚመስል ኖክላ፣ አይፎን የሚመስል ሃይፎን። ግን ሠሪዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ኦርጅናሉ የሌለውን ነገር መጨመር ጀመሩ። ሁለት ሲም፣ አንዳንዴም ሦስት። ሠፈር የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ። ቀናት የሚቆይ ባትሪ። አንቴናው የሚሳብ ቴሌቪዥን። የሲጋራ ፓኬት የሚመስል ስልክም ነበር። በ2008 አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ሁሉ እነዚህን ስልኮች ያስታውሳቸዋል፤ ዘፈኑን ለተሳፋሪው ሁሉ የሚያሰማ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ባለ ሁለት ሲሙ ነው። የታወቁት ኩባንያዎች ሳይሠሩት የዘገዩት ቴክኖሎጂው ከብዷቸው አይመስለኝም፤ ለአንዱ ቴሌ ታማኝ የሆነ ደንበኛ ይመቻቸው ነበር። ድሃው ደንበኛ ግን ርካሽ ደቂቃ ፍለጋ ከሲም ወደ ሲም መዝለል ነበረበት። የሁዋቺያንግቤይ ሰዎች ይህን አዩ፤ ኖኪያ ራሱ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ያስተዋወቀው በ2010 ነው። እዚህ ላይ ማን ማንን ቀዳ?

ነገሩ ከስልክም አልፎ ነበር። ለ2009ኙ የጨረቃ አዲስ ዓመት አንድ ቤጂንግ የሚኖር ሰው የመንግሥት ቴሌቪዥኑን ታላቅ የበዓል ዝግጅት የሚፎካከር የሻንጃይ ዝግጅት አሰናድቶ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። በዚያን ሰሞን ቃሉን እንደ ስድብ የሚጠቀምበት ነበር፤ እንደ ኩራት የሚጠቀምበትም አልጠፋም።

የሻንጃይ ስልክ ቀን የጨለመበት በሁለት በኩል ነው። ብዙዎቹ ሕጋዊ መለያ ቁጥር፣ አይኤምኢአይ የሚባለው፣ አልነበራቸውም ወይም አንዱን ቁጥር በሺዎች ይጋሩት ነበር። ሕንድ በ2009 መጨረሻ ቁጥር የሌላቸውን ስልኮች ከኔትወርክ አስወጣች፤ እኛም ዘንድ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ተመሳስለው የተሠሩና በኮንትሮባንድ የገቡ ስልኮችን የሚለይ የምዝገባ ሥርዓት ጀምሮ ነበር። ከቻይና ውስጥ ደግሞ በ2010 የተቋቋመው ሻውሚ በ2011 የመጀመሪያውን ስልኩን በ1,999 ዩዋን ይዞ መጣ። ጥሩ ስልክ በሕጋዊ ስም በዚህ ዋጋ ከተገኘ ኖክላን ማን ይገዛል?

ከዚያው አፈር ከበቀሉት አንዱ ግን እኛ ኪስ ውስጥ ነው። ትራንሽን የተባለው ኩባንያ በ2006 ሲቋቋም መሥራቹ ዡ ዣውጂያንግ ቀደም ሲል ለሌላ የቻይና ስልክ አምራች ይሠራ ነበር። በአገሩ ገበያ ከግዙፎቹ ጋር ከመጋፋት አፍሪካን መረጠ። ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ የሚሉት ስሞች የሱ ናቸው፤ ቻይና ውስጥ ግን ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በ2011 አዲስ አበባ ላይ መገጣጠሚያ ከፈተ፤ አማርኛ የሚጻፍበት የቁልፍ ሰሌዳ አወጣ፤ ጥቁር ፊት በደብዛዛ ብርሃን አጥርቶ የሚያነሣ ካሜራ ሠራ። ሁለት ሲም፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ባትሪ፣ መብራት፤ ሁሉም ሻንጃዮቹ የድሃውን ገበያ አይተው ያስፋፏቸው ነገሮች ናቸው። ልዩነቱ ትራንሽን በራሱ ስም መሸጡ ነው።

ከሼንዠን ሳንወጣ ሌላም መንደር አለ። ዳፌን ይባላል። ሁዋንግ ጂያንግ የተባለ የሆንግ ኮንግ ነጋዴ በ1989 ሃያ ያህል ሠዓሊዎች ይዞ መጥቶ ለውጭ ገበያ የዘይት ቀለም ሥዕል ማባዛት ጀመረ። ኋላ ሺዎች ገቡበት። ዣው ሺያውዮንግ ከሁናን ገጠር መጥቶ ቤተሰቡን ይዞ በዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ቫን ጎኽ የሣለ ሰው ነው፤ ኑሮው በ2016 በወጣው «የቻይና ቫን ጎኾች» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ተቀርጿል። ሸራው እንደ ልብስ በገመድ ተሰጥቶ፣ ሠዓሊዎቹ ከሙቀቱ የተነሣ ግማሽ አካላቸውን ራቁት ሆነው ሲሥሉ ይታያል። ዣው በመጨረሻ አምስተርዳም ሄዶ ኦርጅናሎቹን ያያል። ለዓመታት ሥዕሉን የላከለት ደንበኛም ጋለሪ ሳይሆን የቱሪስት ማስታወሻ ሱቅ ያለው ሰው ሆኖ ያገኘዋል፤ ሥዕሉ የሚሸጠውም እሱ በተከፈለው ብዙ እጥፍ ነው። በሕግ ዓይን ይህ ሰው ምንም አልሰረቀም። ቫን ጎኽ የሞተው በ1890 ነው፤ ሥራው የማንም ንብረት አይደለም። ዳፌንን ከፎርጅድ ጫማው ጋር በአንድ ቅርጫት የሚከቱት ጽሑፎች ይህን ይዘሉታል። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የውጭ ትእዛዝ ሲመናመን መንደሩ ፊቱን ወደ ቻይናውያን ገዢዎች አዞረ፤ ዣውም የራሱን መንደርና አያቱን መሣል ጀመረ።

ሕጉን በማስከበር በኩል አሁን ያለው ለውጥ የመጣው በአሜሪካ ግፊት ነው የሚል አለ። በከፊል እውነት ነው፤ ቻይና በታኅሣሥ 2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን ብዙ ሕጎቿን አሻሽላለች። እኔ ግን ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለተጭበረበሩት ቻይናውያን ነው። በ1995 ዋንግ ሃይ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ቤጂንግ ከሚገኝ የመደብር ሕንፃ ሁለት የሶኒ ማዳመጫ ገዛ። ፎርጅድ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ተመልሶም አሥር ጨመረ። ከዓመት በፊት ሥራ ላይ በዋለው የሸማቾች መብት ሕግ 49ኛ አንቀጽ መሠረት ያታለለ ሻጭ የዋጋውን እጥፍ ይከፍል ነበር። መደብሩ ለሁለቱ እሺ ብሎ ለአሥሩ እያወቅህ ገዝተሃል በማለት ተከራከረ። ዋንግ ሃይ አልተወም፤ ሥራው አደረገው። ጥቁር መነጽር አድርጎ በቴሌቪዥን የሚቀርበው ይህ ሰው የአገሪቱ ጀግና ሆነ፤ ብዙ ሌሎችም ተከተሉት። እያወቀ ፎርጅድ የሚገዛ ሰው ሸማች ነው ወይስ ነጋዴ የሚለው ክርክር ሠላሳ ዓመት ሆነው። በ2013 ካሣው ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ አለ፤ በነሐሴ 2024 ደግሞ ጠቅላይ ሕዝብ ፍርድ ቤቱ በምግብና በመድኃኒት ጉዳይ የቅጣት ካሣ የሚፈቀደው ለተራ ፍጆታ በሚበቃ መጠን ለተገዛው ብቻ እንዲሆን ወሰነ።

ለቻይናዊው ሸማች ግን ነገሩ የማዳመጫ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ2004 አንሁዊ ውስጥ ምግብነት የሌለው ፎርጅድ የወተት ዱቄት ከ10 በላይ ሕፃናትን ገደለ። በ2008 ሜላሚን የተቀላቀለበት ወተት 6 ሕፃናትን ገድሎ ወደ 300,000 የሚጠጉትን አሳመመ። የሁለተኛው ወንጀል ዋና ተዋናይ ሳንሉ የተመዘገበ፣ የታወቀ፣ የተከበረ ስም ነበር። በ2011 ኩንሚንግ ላይ የተገኘውን የአፕል ሱቅ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። አርማው፣ ደረጃው፣ የሠራተኞቹ ሰማያዊ ቲሸርት ሁሉ ተቀድቷል፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ለአፕል የሚሠሩ ይመስላቸው ነበር። ባለሥልጣናቱ ፈልገው በከተማዋ እንዲህ ያሉ 22 ሱቆች አገኙ። ዓለም የሳቀው በሱቁ ነው። ግን እዚያ የሚሸጡት ስልኮች እውነተኛ ነበሩ ነው የተባለው። ፎርጅዱ ሱቅ ኦርጅናል ስልክ ሲሸጥ ኦርጅናሉ ስም መርዝ ሸጧል። የንግድ ምልክት ሕግ ሸማቹን ይጠብቃል የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ቢያስቡባቸው ደስ ይለኛል።

የፍርድ ቤቱ መንገድ ዝግ ብሎ ነው የተከፈተው። በታኅሣሥ 2005 ጉቺ፣ ፕራዳ፣ ቻኔል፣ በርበሪና ሉዊ ቪቶን የቤጂንጉን የሐር ገበያ ከሰው ሲረቱ ያገኙት ካሣ ለአምስቱም በድምሩ 100,000 ዩዋን ነበር፤ አንድ ኦርጅናል ቦርሳ ይዞ ለመመለስ የሚበቃ እንጂ ጠበቃ የሚከፍል አይደለም። አዲሱ ነገር ባለ ሕንፃው ጭምር ተጠያቂ መሆኑ ነው። በ2014 ቤጂንግ፣ ሻንጋይና ጓንዡ ልዩ የአእምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤት አገኙ፤ ኋላም አውቆ ለጣሰ ሰው ካሣው እስከ አምስት እጥፍ እንዲሄድ ተደነገገ። በ2020 ሻንጋይ ውስጥ ሌጎን አስመስሎ ሌፒን የሚል መጫወቻ ያወጣው ድርጅት መሪ 6 ዓመት ተፈርዶበት 90 ሚሊዮን ዩዋን ተቀጥቷል።

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ግን ብዙ ነው የደከመው። ፉጂያን ውስጥ ያለ የስፖርት ልብስ ኩባንያ ቻይናውያን ሰውየውን የሚጠሩበትን ስም፣ ቺያውዳንን፣ ከዓመታት በፊት አስመዝግቦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ከፍቶበታል። የቻይና ሕግ ቀድሞ ላስመዘገበ ያደላል፤ ካስመዘገበ አምስት ዓመት ካለፈው ማስነሣቱ እጅግ ከባድ ነው። ጆርዳን በ2012 ከሰሰ፤ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ተረታ። በታኅሣሥ 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቻይንኛ ፊደል የተጻፈውን ሲፈቅድለት በላቲን ፊደል የተጻፈውን ከለከለው። በ2020 መጨረሻ ሻንጋይ ላይ ለደረሰበት የመንፈስ ጉዳት 300,000 ዩዋን ተወሰነለት። ለሱ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው ግን በ2021 ስሙን ለወጠ።

በ2019 ቻይና በዓለም አቀፍ የፓተንት ማመልከቻ አሜሪካን በለጠች፤ 58,990 አቀረበች። ቁጥሩን እንዳለ የሚውጥ የዋህ ነው። የየአካባቢው መስተዳድር ላመለከተ ሁሉ ድጎማ ይሰጥ ስለነበር የማይረባ ፓተንት እንደ አሸን ፈልቷል፤ የፓተንት መሥሪያ ቤቱም በ2021 ድጎማው እስከ 2025 ተጠቃሎ እንዲቀር አዟል። ጫማ ሲቀዳ የነበረው ብልሃት ፓተንት ወደ መፈብረክ ዞሮ ነበር ማለት ነው። ከማመልከቻዎቹ ፊት የቆመው ሁዋዌ ግን የምሩን ነው። ይኸው ሁዋዌ በ2003 በአሜሪካው ሲስኮ የሶፍትዌር ኮድ ቀድተሃል ተብሎ ተከሶ በዓመቱ በስምምነት የተላቀቀ ኩባንያ ነው። በ2019 መስከረም ትራንሽን ሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት አንድ የስልክ ስክሪን ምስል ወስዶብኛል ብሎ የከሰሰው ደግሞ ሁዋዌ ነው።

ትራንሽንን በ2024 የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኳልኮም ዴልሂ ላይ በፓተንት ከሶት ነበር። ክርክሩ የነበረው የሐሳቡ ባለቤት ማን ነው በሚለው ላይ ሳይሆን በክፍያው ላይ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ልክ የተቆረጠ የፓተንት ክፍያ ከ100 ዶላር በታች በሚሸጥ ስልክ ላይ እንዴት ይታሰብ? በእንዲህ ያለ ክርክር ክፍያው እንደ ገበያው አቅም ይሁን የሚለው ወገን ቢረታ የቴክኖና የአይቴል ዋጋ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ካልሆነ ጭማሪው ከአምራቹ ወደ አስመጪው፣ ከአስመጪው ወደ ቸርቻሪው እየተላለፈ መርካቶና ጎንደር ላይ ስልክ የሚገዛው ሰው ጋ ይደርሳል።